ቁጥሩን ስታትሙ ጥያቄውንም አትሙልን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ሥራችን የሕዝብ ጥናት መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ናሙና ማውጣትና የተሰበሰበውን መልስ ማጣራት ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሰዎች ወሲባዊ ዝንባሌ፣ ማለትም ሰው ወደ ተቃራኒ ጾታ፣ ወደ ተመሳሳይ ጾታ ወይም ወደ ሁለቱም ስለ መሳቡ፣ በጋዜጦቻችን ስለሚወጡ ቁጥሮች ነው። ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳቡ ሰዎች ስንት ናቸው ሲባል አንድ ሰሞን «ከአሥር ሰው አንዱ» ይባላል፤ ሌላ ሰሞን «3 በመቶ እንኳ አይሞሉም» ይባላል፤ ቀጥሎ ደግሞ «በአሜሪካ ቁጥሩ በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ» የሚል ዜና ይመጣል። አንባቢ በጉዳዩ ላይ የፈለገውን አቋም ይያዝ። እኛን ያሳሰበን እነዚህ ቁጥሮች የሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ሆነው ሳለ ጥያቄው ተቆርጦ ቁጥሩ ብቻ መታተሙ ነው። (ከታች የጠቀስናቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያን የወንጀል ሕግ ስንጠቅስ ብቻ በራሳችን አቆጣጠር ጽፈናል።)

«ከአሥር አንዱ» የሚለው በ1948 ከወጣው የአሜሪካዊው ሥነ ሕይወት ተመራማሪ የአልፍሬድ ኪንሲ ጥናት የተወሰደ ነው። ኪንሲ ያለው ከወንዶች 10 በመቶው ከ16 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ውስጥ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያህል ወሲባዊ ሕይወታቸው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከወንድ ጋር ነበር የሚል ነው። ሦስት ዓመት የሚለው ገደብ በየመንገዱ ወደቀና «ከሕዝቡ 10 በመቶ» ሆኖ ቀረ። ከዚያም በላይ ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም፤ ፈቃደኛ ሆነው የመጡ ናቸው፤ እስረኞችም በብዛት ነበሩባቸው። በ1954 ኮክራን፣ ሞስቴለርና ቱኪ የተባሉ ሦስት ታላላቅ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ጥናቱን መርምረው ዋናው ድክመቱ የናሙናው አመራረጥ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ከተነገረ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንዳንዱም 10 በመቶውን ወስዶ በኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ያባዛዋል። ይህን የሚያደርጉት ጉዳዩን የሚደግፉም የሚቃወሙም ናቸው፤ ስሕተቱ ግን ያው አንድ ነው።

በዕጣ በተመረጠ ናሙና በ1992 በአሜሪካ የተደረገው ጥናት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። የተጠየቁት ከ18 እስከ 59 ዓመት የሆኑ 3,432 ሰዎች ነበሩ። አጥኚዎቹ አንዱን ነገር ሦስት ቦታ ከፍለው ጠየቁ። አንደኛው የሰውየው ስሜት ወዴት እንደሚሳብ፣ ሁለተኛው በተግባር ከማን ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደፈጸመ፣ ሦስተኛው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ነው። ራሳቸውን ጌይ (ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚሳብ) ወይም ባይሴክሹዋል (ወደ ሁለቱም ጾታዎች የሚሳብ) ብለው የጠሩት ከወንዶች 2.8 በመቶ፣ ከሴቶች 1.4 በመቶ ሆኑ። ከሦስቱ በአንዱም ቢሆን «አዎ» ያሉት ሲደመሩ ግን ከወንዶች ወደ 10፣ ከሴቶች ወደ 9 በመቶ ደረሱ። በስሜትም፣ በድርጊትም፣ በስያሜም ሦስቱንም ያሟሉት ወንዶች 2.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ቀኑም ያው ነው። ታዲያ ትክክለኛው ቁጥር የቱ ነው? ጠያቂው ለምን እንደፈለገው ይወሰናል። ኤችአይቪን የሚከታተል የጤና ባለሙያ የሚያስፈልገው ድርጊቱ ነው፤ በሥራ ቦታ የሚደርስ መገለልን የሚያጠና ስያሜውን ይፈልጋል፤ የወጣቶችን የአእምሮ ጤና የሚያጠና ደግሞ ስሜቱን ሳይጠይቅ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ሥራ ማዋል በሜትር ለክቶ በኪሎ እንደ መሸጥ ነው።

«ከእጥፍ በላይ ጨመረ» የሚለው ዜና መነሻው ጋሉፕ የተባለው ድርጅት በስልክ የሚያካሂደው ጥናት ነው። ራሳቸውን ሌዝቢያን (ወደ ሴት የምትሳብ ሴት)፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋል ወይም ትራንስጀንደር (የሚሰማው ጾታ ሲወለድ ከተመዘገበው የሚለይ) የሚሉ አዋቂዎች በ2012 3.5 በመቶ፣ በ2017 4.5፣ በ2020 5.6፣ በ2024 9.3 በመቶ ናቸው ብሏል። በእነዚህ ዓመታት መካከል ግን ጥያቄው ተቀይሯል። መጀመሪያ ላይ አራቱም ስያሜዎች በአንድ ጥያቄ ታጭቀው «ከእነዚህ አንዱ ነዎት?» ይባልና መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለሁም» ነበር። ኋላ እያንዳንዱ ስያሜ ለብቻው ተዘርዝሮ መላሹ የሚመቸውን ሁሉ እንዲመርጥ ተደረገ። ከጭማሪው ምን ያህሉ ከአዲሱ አጠያየቅ እንደመጣ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ወጣቶች ለመናገር ከመድፈራቸው እንደመጣ ከሠንጠረዡ ብቻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ከተቆጠሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ባይሴክሹዋል ያሉ ናቸው፤ ቁጥሩ ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎችንም ስለሚጨምር የወሲባዊ ዝንባሌ መለኪያ ብቻ አይደለም። ቃለ መጠይቁም የሚካሄደው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ እንግሊዝኛው ለስልክ ቃለ መጠይቅ የማይበቃ አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጻፍ፤ የአማርኛ አንባቢን በቅርብ የሚነካው ይኸኛው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ ብዙ የመንግሥት ቅጾች በአማርኛ ይተረጎማሉ። የዝንባሌ ጥያቄም በአንድ የጤና ቅጽ ላይ ቢመጣ ተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ መውደቁ አይቀርም። ተርጓሚው «ስትሬት» (ወደ ተቃራኒ ጾታ የሚሳብ) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቀጥተኛ» ብሎ ቢያስቀምጠው ምን ይሆናል? በአማርኛ ቀጥተኛ ሰው ማለት የማይዋሽ፣ የልቡን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። «ቀጥተኛ ነዎት?» የተባለ አዛውንት «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ቢል አይፈረድበትም፤ ስለ ወሲባዊ ዝንባሌው እንደተጠየቀ ግን አላወቀም። «ተቃራኒ ጾታ አፍቃሪ» የሚለውስ? ለመጽሐፍ አንባቢ ግልጽ ነው። ቤቷ ለተቀመጠች እናት ግን «አፍቃሪ» ማለት ልቡ በሰው የተያዘ ጎረምሳ ነውና «እኔ ባለትዳር ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለብኝም» ብላ «አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ባይሴክሹዋል የሚለው «ባለ ሁለት ጾታ» ተብሎ ከተተረጎመ ሰሚው የሚረዳው ፍናፍንት የሚለውን ነው፤ ያ ደግሞ የተፈጥሮ አካል ጉዳይ ነው እንጂ የዝንባሌ አይደለም። «ወንዶችን ይወዳሉ?» የሚለውም አይሠራም። እኛ ወንድምንም፣ ባልንጀራንም፣ ሽሮንም የምንወደው በአንድ ግስ ነው። ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚሄዱበት አገር «አዎ፣ እወዳቸዋለሁ» ማለት ምንም አይናገርም።

ብዙ ጊዜ ተርጓሚዎች የሚተማመኑበት የማጣሪያ ዘዴ አማርኛውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማስተርጎም ነው። ይህ ዘዴ የ«ቀጥተኛ»ን ስሕተት አይይዘውም። «ቀጥተኛ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ራሱ «ስትሬት» ይሆንና ትርጉሙ ፍጹም ትክክል ይመስላል! ስሕተቱን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ በዕድሜም በትምህርትም የተለያዩ ሰዎችን ለየብቻ አስቀምጦ ጥያቄውን ካነበቡላቸው በኋላ «ምን ተብለው ነው የተጠየቁት? በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» ማለት ነው። ሦስትና አራቱ ሌላ ነገር ከተናገሩ ጥያቄው እንደገና ይጻፋል።

በእኛ እምነት ከሦስቱ በአማርኛ ለመጠየቅ የሚቀለው ድርጊቱ ነው። «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» የሚለውን ሐረግ ሰው ከጤና ጣቢያ፣ ከሬዲዮና ከጤና ትምህርት ስለለመደው ትርጉሙ አይምታታም፤ «ግንኙነት» ብቻ ከተባለ ግን የሥራ ግንኙነትም ይሆናል። ስያሜው ከሁሉም ይከብዳል። ለስያሜው በሕግም በአደባባይም የሚሠራበት ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፤ ይህን ቃል የያዘ ጥያቄ ደግሞ ሰውየውን ስለ ራሱ ከመጠየቁ በፊት ይፈርድበታል። እንዲህ ተጠይቆ ከሚገኝ መልስ ስለ ሰዎቹ ቁጥር ምንም አይታወቅም። የግሱም ነገር አለ። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ድምፅ ሲቀረጽ «ፈጽመህ ታውቃለህ» እና «ፈጽመሽ ታውቂያለሽ» ለየብቻ መቀረጽ አለባቸው። በአክብሮት «ፈጽመው ያውቃሉ» ቢባል አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ግን «እርስዎ» የሚለው ቃል ከፊቱ ካልገባ ስለ ሌሎች ሰዎች የተጠየቀ ሊመስል ይችላል።

ይህ የእኛ ቋንቋ ችግር ብቻ እንዳይመስል አንድ የአሜሪካ ምሳሌ እንጨምር። በ2002 በተደረገው ብሔራዊ የቤተሰብ ጥናት ከ18 እስከ 44 ዓመት ከሆኑ ወንዶች 3.9 በመቶው ስለ ዝንባሌያቸው ሲጠየቁ «ሌላ» የሚለውን መርጠው ነበር። ወደ ተቃራኒ ጾታ ለሚሳቡት በቀረበው ምርጫ ላይ የተጻፈው «ሄትሮሴክሹዋል» የሚለው ከባድ ቃል ብቻ ነበር። ቀጣዩ ዙር ላይ «ወይም ስትሬት» የሚል ቀላል ቃል ሲታከልበት «ሌላ» ያሉት ከ1 በመቶ በታች ወረዱ። አብዛኞቹ ልዩ ሰዎች አልነበሩም፤ ቃሉ ያልገባቸው ሰዎች ነበሩ።

በእንግሊዝና ዌልስ የ2021 ቆጠራ ላይ የሆነውም ከዚህ የባሰ ነው። ቆጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ 16 ዓመት የሞላውን ሁሉ ስለ ወሲባዊ ዝንባሌው በፈቃደኝነት ጠየቀ። 89.4 በመቶው ስትሬት ወይም ሄትሮሴክሹዋል፣ 1.5 በመቶው ጌይ ወይም ሌዝቢያን፣ 1.3 በመቶው ባይሴክሹዋል፣ 0.3 በመቶው ሌላ ብለው መለሱ። 7.5 በመቶው ግን ባዶ ተዉት። ስሙልን፤ የተፈለገው ቡድን በጠቅላላው (ቁጥሮቹ ሳይጠጋጉ ሲደመሩ) 3.2 በመቶ ሲሆን ያልመለሰው ከእሱ በእጥፍ ይበልጣል። ከዚያው ቅጽ ላይ ስለ ጾታ ማንነት የቀረበ ሌላ ጥያቄ ነበረ፤ የሚሰማዎት ጾታ ሲወለዱ ከተመዘገበው ጋር አንድ ነው ወይ የሚል ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር። 262,000 ሰው «አይደለም» አለ። ውጤቱ ሲታይ ከፍተኛ ድርሻ ካገኙት ውስጥ ኒውሃምና ብሬንት የተባሉ ብዙ ስደተኛ የሚኖርባቸው የለንደን ሰፈሮች ነበሩበት፤ እንግሊዝኛ በደንብ በማይናገሩ ዘንድም ድርሻው ጎልቶ ወጣ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ራሱ አንዳንድ ሰዎች ጥያቄውን በትክክል ሳይረዱት እንዳልቀሩ አመነ፤ በ2024ም ውጤቱ ከተረጋገጡት ይፋዊ ስታቲስቲክሶች ተርታ ወጥቶ «በመሻሻል ላይ ያለ» ተባለ። ኒውሃም የሚኖር ሐበሻ ቅጹን ልጁ እያነበበለት «አይደለም» ላይ ምልክት አድርጎ እንደሆነስ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ስሕተት አንድ ስሌት እናሳይ፤ ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለሚደብቁት ብቻ ነው። 100,000 ሰው ጠየቅን እንበል፤ ከእነሱ 2,000ው በእርግጥ የምንፈልጋቸው ናቸው። ከ2,000ው 20 በመቶው ደበቁ፤ 1,600 ቀሩ። ከቀሩት 98,000 ደግሞ 1 በመቶው ብቻ ቃሉ ሳይገባው፣ ጣቱ ስቶ ወይም ሲቀልድ የተሳሳተ ሳጥን ነካ፤ ይህ 980 ሰው ነው። ጠቅላላው 2,580 ይሆናል። ብዙ ሰው ደብቆ እንኳ ቁጥሩ ከእውነቱ በለጠ፤ ይባስ ብሎ ከተቆጠሩት ከመቶ 38ቱ ጭራሽ የቡድኑ አባላት አይደሉም። ከዚያ በኋላ ስለ ቡድኑ ጤና፣ ገቢ ወይም ትዳር የሚጻፈው ሁሉ የእነዚህ 980 ሰዎች ታሪክ የተቀየጠበት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም። የ2010 የአሜሪካ ቆጠራ መጀመሪያ 901,997 የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች አሉ አለ። በኋላ የቆጠራው ቢሮ የሰዎቹን የመጀመሪያ ስም ከተሞላው ጾታ ጋር አመሳከረ፤ ስሙ በዚያ ግዛት ከሞላ ጎደል የወንድ ብቻ ሆኖ ሳለ «ሴት» የሚለው ሳጥን የተሞላባቸውን ለየ። የተስተካከለው ግምት 646,464 ሆነ። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ጥንዶች፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቁጥር 28 በመቶው፣ አንዱ ሳጥን በስሕተት የተሞላባቸው ተራ ባልና ሚስት ነበሩ። እንዲህ ያለ ስሕተት የሠሩት ከተቃራኒ ጾታ ጥንዶች ከሺው አራት ገደማ ብቻ ናቸው። ብዙኃኑ እጅግ ብዙ ሲሆን የእሱ ጥቂት ስሕተት ጥቂቱን ቡድን ያጥለቀልቀዋል።

ወደ መደበቁ እንመለስ፤ እሱም አለና። በ1995 በአሜሪካ ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ወንድ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ተጠያቂዎቹን በዕጣ ሁለት ቦታ ከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን በወረቀት ላይ ሞላ። ሌላው ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ ተጫነ። ከወንድ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽመናል ያሉት በወረቀቱ 1.5 በመቶ፣ በኮምፒውተሩ 5.5 በመቶ ሆኑ። የጠያቂው ዓይን፣ የወረቀቱ በሰው እጅ መቅረት፣ ከጎን የተቀመጠ ወንድም፣ ሁሉም መልስ ይቀይራሉ። የጆሮ ማዳመጫው ሌላ ጥቅም ማንበብ ለማይችል ሰውም መሥራቱ ነው። በአገራችን ግን ችግሩ ከመሣሪያው በፊት ይጀምራል። መረጃ ሰብሳቢ ግቢ ሲገባ ወንበር ይወጣለታል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «ለብቻዎ ላነጋግርዎ» ማለት ራሱ ጥርጣሬ ይፈጥራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወንጀል ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ ጥናት ድርጅት በ2007 ባደረገው የአመለካከት ጥናት ከኢትዮጵያውያን መላሾች 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። በዚህ ሁኔታ ፊት ለፊት ተጠይቆ የሚገኝ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር የሚለካው ፍርሃትን ነው። «የሉም» የሚልም «ብዙ ናቸው» የሚልም ከእሱ ማስረጃ ሊያወጣ አይችልም። ጠያቂውም መላሹን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጽሑፍ ይዞ እንደሚዞር ማወቅ አለበት፤ ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር ከመልሱ ጋር በአንድ ፋይል ከተቀመጠ ጥናቱ ባይጀመር ይሻላል።

አንዳንዶች «ሰውየው ሳይናገር ማወቅ የሚቻልበት ዘዴ አለ» ይላሉ። አለ፤ የዝርዝር ዘዴ ይባላል። ለግማሹ ሰው አራት ተራ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡታል፤ ለግማሹ እነዚያኑ አራትና አንድ የሚያሳፍር አምስተኛ። ሁሉም የሚናገረው «ስንቱ እኔን ይመለከታል» የሚለውን ብዛት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 2.10፣ የሁለተኛው 2.16 ቢሆን ልዩነቱ 0.06 ነው፤ ይህም አምስተኛው ዓረፍተ ነገር 6 በመቶውን ሰው ይመለከታል ማለት ነው። ዘዴው ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በእያንዳንዱ ቡድን 1,000 ሰው ቢኖርና መልሶቹ ከአማካዩ በአንድ ያህል ቢራራቁ የስሕተቱ ወሰን፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ከተገኘው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 9 የመቶኛ ነጥብ ይጠጋል። 6 በመቶ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 9 ማለት ምንም አለማወቅ ነው። በቀጥታ ለተጠየቁ ለእነዚያው 2,000 ሰዎች ወሰኑ 1 ነጥብ ገደማ ነበር። ወሰኑን በዝርዝር ዘዴ ወደ 2 ነጥብ ለማውረድ 40,000 ያህል ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ይህ ዘዴ ሕዝብን እንጂ ሰውን አይነግርም፤ የማን ጤና እንዴት እንደሆነ ከእሱ አይገኝም።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ከውጭ የዜና ወኪል ሲደርሳችሁ የጥያቄው ቃል በቃል ትርጉም፣ የተለካው ስሜት ይሁን ድርጊት ወይም ስያሜ፣ የተጠየቁት በምን ቋንቋና በምን መንገድ እንደሆነ፣ ያልመለሱት ስንት በመቶ እንደሆኑ ይጻፍልን። ጥያቄው ካለፈው ዙር ከተቀየረ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚል ርእስ አይሰጠው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ቦታ አይወስድም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ፦ «በእንግሊዝና ዌልስ በ2021 ቆጠራ 16 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች 3.2 በመቶው ራሳቸውን ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋል ወይም ሌላ ብለዋል። ጥያቄው በፈቃደኝነት የሚመለስ ሲሆን የሚመለከተው ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበትን ስያሜ ብቻ ነው፤ 7.5 በመቶው አልመለሱም።»

ከአክብሮት ጋር፣
በመጠይቅ ዝግጅትና በናሙና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች